ካርድ ክፍሉ በየት ነው?

ከጠዋቱ 1፡30 ላይ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል በር አሥር ደቂቃ ቢቆሙ ደጋግመው የሚሰሙት አንድ ጥያቄ ነው፦ «ካርድ ክፍሉ በየት ነው?» ጠያቂው ሌሊት ከወሊሶ ወይም ከፍቼ ተሳፍሮ የመጣ፣ በአንድ እጁ የሪፈር ወረቀት በሌላው እናቱን የያዘ ሰው ሊሆን ይችላል። ጥበቃው በአገጩ ያሳየዋል። ሰውየው አመስግኖ በተሳሳተው በር ይገባል፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ያንኑ ይጠይቃል። በጥበቃው አይፈረድም፤ በሩን ትቶ መሄድ አይችልም። የጎደለው «ይከተሉኝ፣ እኔ አደርስዎታለሁ» የሚል ሰው ነው። ለአንድ ቀን ያ ሰው ለመሆን ካሰቡ ይህ ጽሑፍ ለእርስዎ ነው።

የአዲስ አበባውን ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ምሳሌ ያደረግሁት ሰፈሬ ካዛንቺስ እዚያ ስለነበረች ነው። ካዛንቺስ ስሟን ያገኘችው ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ያሠራ ከነበረበት ተቋም ምኅጻረ ቃል ነው፤ «ካዛ ኢንቺስ» ሲባል ሲባል ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የኮሪደር ልማቱ ሲደርስ አሮጌዎቹ ቤቶች ፈረሱ፤ ብዙው ነዋሪ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ተዛወረ። ስለ ልማቱ እዚህ አልከራከርም። ለዛሬው ጉዳያችን የሚሆነው ግን ይህ ነው፦ ድሮ ከሰፈራችን አንድ ሰው ሆስፒታል ሲተኛ እድርተኛው ተራ ገብቶ፣ ምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ በእግሩ ይወርድ ነበር። አንዱ ሲያድር ሌላው ጠዋት ይተካዋል። ዛሬ ያው ጎረቤት ሁለት ሦስት ታክሲ ይቀያይራል፤ ሲደርስ የጥየቃ ሰዓት አልፏል። ከገጠር የሚመጣውማ መጀመሪያውኑ ጎረቤት አልነበረውም። እንግዲህ በጎ ፈቃደኛው የሚተካው ነርሷን ወይም ሐኪሙን ሳይሆን ጎረቤትን ነው። ይህን ከያዙ ቀሪው ሁሉ ቀላል ነው፤ ይህን ከሳቱ ግን የሠራተኛ እግር ላይ ሲደናቀፉ ይውላሉ።

የት ልሂድ?

ከካዛንቺስ ወደ ፍልውሃ ሲወርዱ ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ። በ1922 ዓ.ም. ላረፉት ንግሥት መታሰቢያ የተሰየመ ነው። የሰባተኛው ቀን አድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን ሠርታ ስታስተዳድረው ኖራ በደርግ ዘመን ተወረሰ፤ አሁን የከተማው ነው። በአገራችን የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ቀድመው መስጠት ከጀመሩት ሆስፒታሎች አንዱ መሆኑን ያስታውሱ፤ በኋላ ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ። ወደ ስታዲየም ጠጋ ሲሉ ደግሞ በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሕንዳውያን በማኅተመ ጋንዲ ስም ያሠሩት ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ። ብዙ የአዲስ አበባ ልጅ «የት ተወለድክ?» ሲባል «ጋንዲ» ይላል። እዚያው ስታዲየም አካባቢ የደም ባንኩና የቀይ መስቀል ዋና መሥሪያ ቤት ይገኛሉ። ከሩቅ ሰፈር በቀላል ባቡር የሚመጡ ከሆነ ስታዲየም ፌርማታ ይውረዱ፤ ቀሪው የእግር መንገድ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያገለግሉ ከሆነ ተመላላሽ ታካሚ የሚበዛበትን ቦታ ይምረጡ። ማዋለጃ ክፍል የለመደ ሰው ይፈልጋል።

ከመሄድዎ በፊት

ልብዎ ሩኅሩኅ ስለሆነ ብቻ ማንም አያስገባዎትም፤ ባያስገቡዎትም ትክክል ናቸው። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ከመሥሪያ ቤትዎ፣ ከትምህርት ቤትዎ፣ ከእድርዎ፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት፣ ከጀመዓ ወይም ከቀይ መስቀል ቅርንጫፍ ደብዳቤ ያጽፉና ለሆስፒታሉ አስተዳደር ያስገቡ። ደብዳቤው ማን እንደሆኑ፣ በየትኛው ቀን ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆዩ፣ ምን መሥራት እንደሚችሉ ይናገር። «የታዘዝኩትን ሁሉ» ብለው አይጻፉ፤ እንዲህ የሚል ደብዳቤ የደረሰው ኃላፊ ምን እንደሚያዝዎት ግራ ይገባዋል። «አፋን ኦሮሞ አቀላጥፌ እናገራለሁ፣ ፎርም እሞላለሁ፣ ዊልቸር እገፋለሁ» ብለው ቢጽፉ ግን በማግሥቱ ሊደወልልዎ ይችላል። ቋንቋ ትልቅ ሀብት ነው። ጉራጊኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛ ወይም የምልክት ቋንቋ የሚችሉ ከሆነ ከስምዎ ቀጥሎ ይጻፉት።

የቀበሌ መታወቂያ ወይም ፋይዳ ካርድ ይያዙ። ለአንድ ቀን ብቻ ሳይሆን ለመመላለስ ካሰቡ የጉበት ቫይረስ፣ ማለትም የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ይጀምሩ፤ በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ የሚሰጥ ስለሆነ ዛሬ ነገ አይባልበትም። ቀኑ ሲደርስ ጉንፋን፣ ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ከያዝዎት ደውለው ይቅሩ። «ቃሌን አላጥፍም» ብሎ እያስነጠሰ ከመጣ በጎ ፈቃደኛ የቀረ ይሻላል።

አንድ ቃል ከውጭ ለሚመጡ ወገኖቻችን። ዋሽንግተን ሃያ ዓመት ያገለገሉ ነርስ ወይም ሐኪም ቢሆኑም እዚህ ታማሚ ለማከም የአገር ውስጥ የሙያ ፈቃድ ያስፈልግዎታል። ፈቃዱ ከሌለ እንደማንኛችንም ዊልቸር ይግፉ፤ የሚያሳፍር ሥራ አይደለም። መድኃኒት በሻንጣ ጭኖ መምጣትም ከኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጋር ያነካካል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እንደሚለው በስጦታ የሚላክ መድኃኒት ተቀባዩ አገር ሲደርስ ቢያንስ የአንድ ዓመት ዕድሜ ሊኖረው ይገባል። ሊያልፍበት ሁለት ወር የቀረውን መድኃኒት ማምጣት ለሆስፒታሉ የማስወገድ ሥራ መስጠት ነው። ከመግዛትዎ በፊት «ምን ጎደላችሁ?» ብለው ይጠይቁ።

አለባበስ

ነጭ ጋውን አይልበሱ። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ስላየሁት ነው፤ ነጭ የለበሰውን ሁሉ ሕዝባችን «ዶክተር» ይለዋል፤ አንዴ ዶክተር ከተባሉ ደግሞ አይደለሁም ማለት ይከብዳል። ቀለል ያለ፣ የሚታጠብ ልብስ፣ ጣቶችን የሚሸፍን ዝቅ ያለ ጫማ ይበቃል። ጫፉ የሚጎተት ነጠላ፣ ቀለበት፣ የእጅ ሰዓትና ሽቶ ቤት ይቅሩ፤ ሽቶው ነፍሰ ጡሯን ያስመልሳታል። በቦርሳዎ ማስክ፣ የእጅ አልኮል፣ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር፣ ሁለት እስክሪብቶ፣ ውኃና ምሳዎ ይኑሩ። ሁለት እስክሪብቶ ያልኩት አንዱ ተውሰውት ስለማይመለስ ነው።

ጠዋት፦ መንገዱን አስቀድመው ይሂዱት

1፡30 ይድረሱ። የተመደቡበትን ክፍል ተረኛ ነርስ አግኝተው ባጅዎን ይቀበሉና አራት ነገር ይጠይቁ፦ ለማን ነው የምታዘዘው? ድንገተኛ ክፍል በየት ነው? የማልገባባቸው ክፍሎች የትኞቹ ናቸው? የታማሚዎች መጸዳጃ ቤት የት ነው? አራተኛውን ጥያቄ ቀን ሙሉ ይጠየቁታል።

ከዚያ ሰው ሳይበዛ አንድ ታካሚ የሚጓዘውን መንገድ ራስዎ ይጓዙት። ከበር ትሪያጅ (ታካሚ እንደ ሕመሙ ክብደት የሚለይበት)፣ ከትሪያጅ ካርድ ክፍል፣ ከዚያ ገንዘብ መክፈያ፣ ከዚያ ሐኪም ዘንድ። ሐኪሙ ምርመራ ካዘዘ እንደገና መክፈያ፣ ላብራቶሪ ወይም ራጅ፣ ውጤት ጥበቃ፣ ተመልሶ ሐኪም፣ በመጨረሻ ፋርማሲ። የየሆስፒታሉ ቅደም ተከተል ትንሽ ይለያያል፤ መመላለሱ ግን አይለያይም። ደረጃዎቹን ይቁጠሩ። ዊልቸር የሚያልፍበትን በር ይለዩ። ለጤነኛ ሰው ይህ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። ጉልበታቸው ለሚያማቸው፣ ፊደል ላልቆጠሩ፣ ከተማውን ለማያውቁ እናት ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ሰው ሲቀርቡ እንደ አገሩ ወግ ይሁን። «እማማ፣ እንደምን አደሩ? ወረቀቱን ላንብብልዎ?» «አባባ፣ ልደግፍዎት?» ፈቃድ ሳይጠይቁ ወረቀት ከእጅ አይንጠቁ፤ ታካሚው ሌቦች እንዳሉ ተነግሮት የመጣ ሊሆን ይችላል፤ መጠንቀቁ ትክክል ነው። ባጅዎን አሳይተው ስምዎን ይንገሩ። ገንዘብ ቆጥረው አይያዙላቸው፤ ወደ መክፈያው አብረው ይሂዱና ራሳቸው ይክፈሉ፤ ደረሰኙን ከካርዱ ጋር ያያይዙላቸው።

ስም ላይ ይጠንቀቁ። የእኛ ስም አደገኛ ነው፤ በአንድ ሰልፍ ላይ ሦስት «ከበደ ተሰማ» ሊገኝ ይችላል። ላብራቶሪ ውጤት ሲጠራ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ከዚያም የካርድ ቁጥር ይመሳከር። የተጠራው ሰው መጸዳጃ ቤት ወይም ግቢው ዛፍ ሥር ጸሎት ላይ ከሆነ ተራው ያልፈዋል፤ ስለዚህ የሚረዷቸውን ሰዎች ስምና የተቀመጡበትን ቦታ በደብተርዎ ይያዙ። ማታ ገጹን ቀደው እዚያው ያጥፉት።

ሰዓትና ቀንም ያወዛግባሉ። ቀጠሮ በፈረንጅ አቆጣጠር ተጽፎ ሰውየው በእኛ አንብቦ ሳምንት ዘግይቶ የመጣበት ጊዜ ብዙ ነው። በሁለቱም ይጻፉለት፤ ዕለቱንም ይጨምሩ፤ «ሐሙስ» የሚለው ቃል ከቁጥር ይልቅ ይታወሳል። «በየ8 ሰዓቱ» የተባለ መድኃኒት ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ እንደሚወሰድ የሚያስረዳው ፋርማሲስቱ ነው። እርስዎ «እስቲ እማማ፣ እንዴት ይውሰዱ አሉዎት?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ከተዛባ ራስዎ አያርሙ፤ ወደ መስኮቱ ይመልሷቸው።

ለወዳጅዎ ሰልፍ አያስቀድሙ። አንድ ጊዜ ካደረጉት ያ ሁሉ ሰው አይቷል፤ ከዚያ ወዲያ «ይከተሉኝ» ቢሉ የሚያምንዎት የለም። ነገር ግን ትንፋሽ ያጠረው፣ የሚደማ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ራሱን የሳተ ወይም ምጥ የያዛት ሰው ካዩ ይህ የሰልፍ ጉዳይ አይደለም፤ ሳይሮጡ፣ ሳይጮኹ፣ ቀጥታ ወደ ነርሷ ይሂዱ።

ገንዘብ የሌለው ታካሚ

ይገጥምዎታል፤ ልብዎም ኪስዎን ያስነካዎታል። አንዱን ሲሰጡ አጠገቡ ያሉት ስድስቱ ያያሉ፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሌላ ሥራ አይሠሩም። ይልቅስ የሚያውቁትን ይንገሩ። በመንግሥት ጤና ተቋማት የወሊድ አገልግሎት፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና፣ የኤችአይቪ ሕክምናና የሕፃናት ክትባት በነፃ ከሚሰጡት መካከል ናቸው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር ያለው ሰው ደብተሩን ቤት ረስቶ ሊከፍል ሲል ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ «ደብተር አለዎት?» ብለው ይጠይቁ። ሁሉም ካልሆነ ወደ ሆስፒታሉ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ያድርሱት። መድኃኒቱ ከግቢው ከጠፋና ከውጭ ግዙ ከተባለ መጀመሪያ ከነማ ወይም ቀይ መስቀል መድኃኒት ቤት እንዲሞክሩ ያመልክቱ፤ ከነማ የከተማው አስተዳደር ስለሆነ ዋጋው የተሻለ ነው።

አልጋ ክፍል

እዚህ እጅዎን በኪስዎ፣ ጆሮዎን ክፍት አድርገው ይግቡ። ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ሲሻገሩ እጅዎን በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይሹ፤ የሚታይ ቆሻሻ ካለ በሳሙናና በውኃ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይታጠቡ። ማስክ ያድርጉ። የሳንባ ነቀርሳ በአየር የሚተላለፍ ስለሆነ መስኮት መክፈት መድኃኒት ነው ማለት ይቻላል፤ ግን «ብርድ መታኝ» የሚሉ አዛውንት ስላሉ ነርሷን ሳይጠይቁ አይክፈቱ። አልጋ ላይ አይቀመጡ።

ታማሚን ማንሳት፣ ማገላበጥ፣ ግሉኮስ መንካት፣ ቁስል መጥረግ የእርስዎ ሥራ አይደለም። የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ እንኳ በጣሊያን ወረራ ጊዜ በስደት ሳሉ ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ሦስት ዓመት ያህል ተምራ ነው ነርስ የተባለችው። እርስዎም የሦስት ሰዓት ገለጻ ሰምተው መርፌ ለመያዝ አይቸኩሉ። ያገለገለ መርፌ ወለል ላይ ካዩ አያንሱት፤ ሰው እንዳይረግጠው ቆመው ሠራተኛ ይጥሩ፤ የሚገባበት ቢጫ ሳጥን አለ። ከወጋዎት ጣትዎን አይጭመቁ፤ በሳሙናና በውኃ ታጥበው ያኔውኑ ይናገሩ። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በቶሎ ሲሆን ደግሞ ይሻላል። አፍሮ መደበቅ ትልቁ ጥፋት ነው።

ምግብና መጠጥ ላይ እኔ ራሴ ተሳስቻለሁ። ከዓመታት በፊት በአንድ ሆስፒታል አንድ አዛውንት «ጉሮሮዬ ደረቀ፣ ልጄ» ሲሉኝ ሮጬ ሻይ አመጣሁላቸው። ግማሽ ብርጭቆ እንደጠጡ ነርሷ ደረሰች። ለቀዶ ሕክምና እየተዘጋጁ ነበርና ሆዳቸው ባዶ መሆን ነበረበት። ተራቸው ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ እሳቸው ሁለት ቀን ተጨማሪ ተኙ። አልተቆጡኝም፤ ይባስ ብለው ሲመርቁኝ ዋሉ፤ ምርቃቱ ከቁጣ በላይ ከበደኝ። ከዚያ ወዲህ ውኃም ቢሆን ነርስ ሳልጠይቅ አልሰጥም።

ታዲያ አልጋ አጠገብ ምን ይሠራሉ? ያዳምጣሉ። ስልክ ይደውሉላቸዋል። ከባትሪ ቻርጀር ጋር ይታገላሉ። አልጋ የያዘ ሰው ከሕመሙ ይልቅ የሚያሳስበው ቤት ጥሎት የመጣው ላም፣ በሬ፣ ልጅ ነው፤ ስለሱ ቢጠይቁት ፊቱ ይበራል። «ምን ሆነው ነው የገቡት?» አይበሉ፤ ሊነግሩዎት ከፈለጉ ይነግሩዎታል። «የእኔ አክስትም እንደዚህ ሆና…» ብለው የሞተ ሰው ታሪክ አያውጉ፤ እንዴት እንደሆነ ባላውቅም ይህ አመል አብዛኞቻችን ላይ አለ። ጠበል ሄጄ መድኃኒቱን አቆማለሁ የሚሉ ካሉ አይከራከሯቸው፤ አይደግፏቸውም፤ ለነርሷ ይንገሩ። ክርስቲያኑን «እግዜር ይማርዎት»፣ ሙስሊሙን «አላህ ያሽርዎ» ማለት በቂ ነው። ስብከት አይጀምሩ።

ቀደም ሲል ወደ ጠቀስኩት ልመለስ። የፀረ ኤችአይቪ ክትትል በሚደረግበት ሆስፒታል የሚያውቁትን ሰው ማየትዎ አይቀርም። ቀድመው ሰላም አይበሉ። እሱ ሰላም ካለዎት ይመልሱ፤ ካላለዎት አላዩትም። በኋላም እድር ላይ ሲገናኙ፣ ለብቻ ቢሆን እንኳ «ያን ቀን አይቼህ ነበር» አይበሉት። ፎቶም እንደዚሁ፦ በጎ ሥራዎን ለፌስቡክና ለቲክቶክ ለማሳየት ታማሚ ከኋላዎ አስገብተው አይነሱ። ባዶ ኮሪደር እንኳ ባይነሱ እመርጣለሁ።

እኩለ ቀን

የጥየቃ ሰዓት ከየሆስፒታሉ በር ላይ ተለጥፎ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜ ምሳ ሰዓት ላይ አንዱ አለ። በሩ ሲከፈት ግቢው ገበያ ይሆናል። ፔርሙዝ፣ ምሳ ዕቃ፣ ብርቱካን፣ ለስላሳ። በዚህ ሰዓት ሠራተኛው የሚፈልግዎት ሰዎችን ወደየክፍላቸው እንዲያደርሱ ነው፤ ያንን ይሥሩ። እግረ መንገድዎን ግን ጠያቂ የሌለውን አልጋ በዓይንዎ ይፈልጉ። ወደ ግድግዳ ዞሮ የተኛው ነው። ሁሉም ዘመድ ተከቦ ሲጎርስ ብቻውን የሚቀረው ሰው ያቺን አንድ ሰዓት ከሌሊቱ ይበልጥ ይፈራታል። ነርሷን ያስፈቅዱ፤ ወንበር ስበው አጠገቡ ይቀመጡ። የሚያወጉት ከጠፋ ዝም ብለው ይቀመጡ።

የጠያቂው ምግብ ለጎረቤት አልጋም ይዳረሳል፤ ደግ ልማዳችን ነው። ስኳር ላለበት ሰው ለስላሳ፣ ግፊት ላለበት ጨው የበዛበት ወጥ ሲታደል ካዩ ግን ለነርሷ ይጠቁሙ። ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴ ወይም ረመዳን ከሆነ ሳይጠይቁ አይጋብዙ። ታሞም የሚጾም ሰው ብዙ ነው፤ ጾሙን የሚያስፈታው የሃይማኖት አባቱና ሐኪሙ እንጂ እርስዎ አይደሉም።

ጋንዲን በመሰለ የእናቶች ሆስፒታል ከተመደቡ ለወለደችው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ማለት ወግ ነው፤ «ማርያም ታኑርሽ» ትልዎታለች። ነገር ግን ከመናገርዎ በፊት አዋላጇን በጆሮዋ ይጠይቁ። አልጋው ላይ ያለችው ሁሉ ልጅ አቅፋ አይደለም። ልጇን ያጣች ሴት ያንን ሰላምታ ከማታውቀው ሰው አፍ ስትሰማ ምን እንደሚሰማት ማስረዳት አያሻኝም። ሕፃን አይሳሙ። አባትየው የት እንዳለ አይጠይቁ። አጥሚቱን ከፔርሙዝ ወደ ኩባያ መገልበጥ፣ ለወለደችው ትራስ ማስተካከል፣ ደጅ ቆሞ ለሚንቆራጠጠው ባል «ተቀመጥ እንጂ» ማለት ይበቃል።

ሰው ከሞተ ደግሞ መርዶ ነጋሪ አይሁኑ። ለዘመድ አይደውሉ፤ ኮሪደር ላይ ቢጠይቁዎት «ነርሷን ላገናኝዎ» ይበሉ። በእኛ ዘንድ መርዶ ሰው ተመርጦ፣ ሰዓት ተጠብቆ፣ ሽማግሌ ባለበት የሚነገር ነገር ነው።

ከሰዓት በኋላ፦ ክንድዎን ይስጡ

ከ8 ሰዓት በኋላ ተመላላሹ ሲሳሳ ሊያሰናብቱዎት ይችላሉ። ጉልበት ካለዎት ወደ ስታዲየም ይውረዱና ደም ይስጡ። ይህን ከቀኑ ሥራ ሁሉ አስበልጣለሁ። ዕድሜዎ ከ18 እስከ 65፣ ክብደትዎ 45 ኪሎና ከዚያ በላይ፣ ጤነኛ ከሆኑ ሊሰጡ ይችላሉ፤ በየሦስት ወሩም ይደገማል። የሚወሰደው ከግማሽ ሊትር ያነሰ ነው። ምሳ በልተው፣ ውኃ ጠጥተው ይሂዱ፤ ቀን ሙሉ ቆመው በባዶ ሆድ ከሄዱ አዞሮዎት ራስዎ ታማሚ ይሆናሉ።

ለምን አስበለጥኩት? ደም ፋብሪካ አይሠራውም፤ ቢያጠራቅሙትም አይቆይም። ቀይ የደም ሴል ከ35 እስከ 42 ቀን፣ ፕሌትሌት 5 ቀን ገደማ ብቻ ይቀመጣል። ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለጋሽ ተማሪዎች ይበተናሉ፤ የምትወልደው ሴት ግን ወር አትመርጥም። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ መድማት በሰዓታት ውስጥ እናት ይገድላል። ቅድም ያነሳኋት ልዕልት ፀሐይ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በ22 ዓመቷ ነቀምቴ ላይ ያረፈችው ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር ነበር። ነርስ የነበረች የንጉሥ ልጅ ናት። ያኔ አገሪቱ የደም ባንክ አልነበራትም። ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ሊወረን ሲያሰፈስፍ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በኋላ የደም ባንክ አገልግሎቱን ጀመረ፤ ሥራው ወደ ጤና ሚኒስቴር ከተዛወረ ቆይቷል። ዛሬ ከደም ባንኩ እስከ ጋንዲ ያለው ርቀት የእግር መንገድ ነው፤ የተለገሰ የደም ከረጢት ካለ ማለት ነው።

ከመውጣትዎ በፊት

እጅዎን ይታጠቡ፤ ቤት ሲደርሱ ልብስዎን ቀይረው ልጅ ይቀፉ። መንገድ ላይ ወይም ሰፈር ውስጥ አምቡላንስ የሚያስፈልገው ሰው ቢገጥምዎ የቀይ መስቀል ቁጥር 907፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 ነው፤ አሁኑኑ ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ። ያዩት ጉድለት ካለ ወጥተው ከማውራትዎ በፊት ለተረኛዋ ነርስ ይንገሩ፤ «መቶ ሰው ጠይቆኛል፣ የራጅ ክፍል ምልክት የለውም» ማለት ከሐሜት ይልቅ ይሠራል። ምልክቱን በኮምፒዩተር ጽፈው፣ አሳትመው ቢያመጡላቸው ደግሞ የበለጠ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ያ ወደ ግድግዳ የዞረው ሰው ሲወጡ «ነገ ትመጣለህ?» ወይም «ትመጫለሽ?» ይላል። የማይመጡ ከሆነ «አልመጣም» ይበሉት። ባጁንም ይመልሱ፤ ጠዋት ለሌላ ሰው ይፈለጋል።